በመዝገብ ያልገባ የሕፃን ሞት

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሃያ ዓመት የበለጠ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ጉዳይ መጻፍ ስለ ሆነ፥ ስለ ራሴ ቤት ለመጻፍ ብዕር ማንሣት ልማዴ አይደለም። ዳሩ ግን የቤተ ሰብ ነገር በሚነገርበት በዚህ ገጽ ላይ፥ ልጅ ያለው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለኝና ኀፍረቴን ትቼ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ከፈረንሣይ ለጋሲዮን በላይ፥ በእንጦጦ ግርጌ ነው። የበኵር ልጃችን ሴት ነበረች፤ በጥቅምት ወር 2000 ዓ.ም. ተወለደች። ስትወለድ መልኳ ያማረ፥ ድምፅዋም ብርቱ ነበር። ከወር በኋላ ግን ጡት ይዛ ጥቂት ከሳበች ወዲያው ትደክማለች፤ ግንባርዋም በላብ ይርሳል። ሰው ሁሉ በብርድ በሚንቀጠቀጥበት በዚያ ተራራ ሥር የሚያልባት እርስዋ ብቻ ነበረች። ተኝታ ሳለች እንኳ ትንፋሽዋ እንደ ሮጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ስታለቅስም ከንፈርዋ ይጠቍራል። አማቴ «ልጄ፥ ብርድ ገብቷታልና ደኅና አድርገሽ ሸፍኛት» እያሉ ባለቤቴን ይመክሯት ነበር። ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። ወደ አንድ የሕክምና ቦታ ሁለት ጊዜ ብንወስዳት የሳንባ ብርድ ነው ተብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ተሰጠን። ሁሉም በቅን ልቡና የተናገሩት ነውና በማንም ላይ ቂም የለኝም። ልጃችን ግን በየካቲት ወር፥ አራት ወር እንደ ሞላት፥ በሌሊት አረፈች።

ስትሞት ስምዋ የተጻፈው በሁለት መዝገብ ብቻ ነበር። አንደኛው በሰማንያ ቀንዋ ክርስትና ስትነሣ የተጻፈው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ሁለተኛው የዕድራችን ደብተር ነው፤ በዚህም ስምዋ ሳይሆን የእኔ ስም ተጽፎ ከጐኑ «ሕፃን» የሚል ቃል ብቻ ተጨመረ። ሞትዋ በምን ምክንያት እንደ ሆነ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም፤ ጸሐፊ የሆንሁት እኔ ራሴም አልጻፍሁም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደልን። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ሳል ይዞት ወደ ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሟም ጆሮአቸውን ወደ ማዳመጫው ሰጥተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ «በልቡ ላይ የማይገባ ድምፅ ይሰማል» ብለው፥ «ከዚህ በፊት በቤተ ሰባችሁ የልብ ሕመም ይዞት የተወለደ ልጅ ነበረን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከእናት ልጆች አንዱ የልብ ጕድለት ይዞት ከተወለደ፥ የሌሎቹ ዕድል ከሌላው ሰው ልጅ ጥቂት ከፍ ይላልና። እኔም የማናቸውንም ባለርስት ሟች ዕለትና ምክንያት ከመዝገብ አውጥቼ ለዳኛ የማቀርብ ሰው፥ ስለ ገዛ ልጄ ሞት የምመልሰው አጣሁ። ባለቤቴ ግን ላቡንና የከንፈሩን መጥቈር አስታውሳ ተናገረች። ሐኪሟም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉት። የልጃችን ሕመም በወረቀት ላይ የሰፈረው ያን ጊዜ፥ ካረፈች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የወንዱ ልጃችን ሕመም በምርመራ ታወቀ። ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ሳለ በራሱ ሳንባ ስለማይተነፍስ፥ ከልብ የሚወጣው ደም ሳንባን አልፎ ወደ ሰውነት የሚሄድበት አንድ አጭር ቧንቧ አለው። ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይህ ቧንቧ ይዘጋል፤ እንዲዘጋ ከሚያደርጉትም ነገሮች አንዱ ሕፃኑ በመተንፈስ በደሙ ውስጥ የሚያገባው ኦክሲጅን ነው። ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ ግን ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይበዛል፤ ልብም ከአቅሙ በላይ ይደክማል። በፔሩና በቻይና ከፍተኛ ተራሮች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንደሚያስረዱት፥ አየሩ በሳሳበት ደጋ በሚወለዱ ሕፃናት ዘንድ ይህ ሕመም ከቆላው ይልቅ ይበዛል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ይህን በሰማሁ ጊዜ ዓይኔን ወደ ተራራው አንሥቼ ብዙ አሰብሁ።

ይህን ቧንቧ ሐኪም በእጁ ሊዘጋው መቻሉ ዛሬ የተገኘ ጥበብ አይደለም። ሮበርት ግሮስ የተባለው ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በነሐሴ 1930 ዓ.ም. የአንዲት ልጅ ቧንቧ ቋጥሮ አዳናት። በኅዳር 1937 ዓ.ም. ደግሞ በባልቲሞር ከተማ ሔለን ታውሲግ፥ አልፍሬድ ብላሎክና ቪቪየን ቶማስ በአንድነት ባገኙት ዘዴ ከንፈራቸው ለሚጠቍር ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ተጀመረ። እንግዲህ የመጀመሪያው መንገድ የተከፈተው የእኔ ልጅ ከመወለድዋ 69 ዓመት በፊት ነበር ማለት ነው።

በአገራችን ይህን መንገድ ለመክፈት ብዙ የደከሙት የሕፃናት የልብ ሐኪም ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። አስቀድሞ ሕሙማን ሕፃናት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ማዕከል ተከፈተ። ሴት ልጄ ያረፈችው ይህ ሊሆን አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጡ ሐኪሞች የሚከናወን ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ተምረው ቀዶ ሕክምናውን በራሳቸው ይሠሩ ጀመር። የሆነ ሆኖ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ብዙ ሺህ ናቸው። ከነዚህም መካከል በጕሮሮ ሕመም ምክንያት ልባቸው ኋላ የተጐዳ ስላሉ፥ ይህኛውንና ከማሕፀን ይዘውት የሚወለዱትን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የእኛም ልጅ ተራውን ጠብቆ በአራት ዓመቱ ቧንቧው ተዘጋለት። ደረቱ አልተከፈተም፤ ከእግሩ የደም ሥር በገባ ቀጭን ቧንቧ ትንሽ መድፈኛ ተደረገለት እንጂ። በሁለተኛው ቀን ዳቦ ጠየቀ።

አሁን ከእኔ ቤት ወጥተን ወደ አገሩ ሁሉ እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ግን ቍጥሩ ወደ 59 ዝቅ አለ። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ክትባቱም፥ ንጹሕ ውሃውም፥ የጤና ሠራተኞቹም ድካም ፍሬ ነውና። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን በ2008 ዓ.ም. ጥናት 29፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 33 ሆነው ተገኙ፤ ማለት በእነርሱ በኩል መቀነሱ ቆመ። ኵፍኝና ተቅማጥ ሲርቁ፥ ቀድሞ በብዙ ሞት መካከል ተሰውሮ የነበረው ከአፈጣጠር የሚመጣ ጕድለት እየጐላ ይታያል።

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ያህል የልብ ጕድለት ይዞት እንደሚወለድ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ፥ በዚሁ ስሌት ከ30,000 የማያንሱት ልባቸው የታመመ ይሆናል። በዓለም በሞላው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 በዚህ ሕመም ወደ 261,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ሊቃውንት አስልተዋል፤ ከነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ከ1990 ወዲህ ቍጥሩ በሲሶ ያህል ቀንሷል፤ የሚበዛው ሞት ግን በድኾች አገሮች ቀርቷል። ስለ እኛ አገር የሚነገረውም በአብዛኛው የተሰላ እንጂ ከመዝገብ የተቈጠረ አይደለም፤ እንደ እኔ ልጅ በሌሊት በቤቱ የሚሞተውን ማን ቈጠረው?

ሕጉ የሚጽፈውን ሥራዬ ሆኖ አውቀዋለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 4፥ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ ሕፃን በሕይወት ለመኖር እንደሚችል ይቈጥረዋል። ከዚያ በፊት የሞተውን ግን፥ ሞቱ ከአፈጣጠሩ ጕድለት ያልመጣ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፥ እንደማይችል አድርጎ ይገምተዋል። ሕጉ ይህን ያለው ስለ ውርስ ክርክር ነውና ነቀፌታ የለኝም። ነገር ግን የከበደ የልብ ጕድለት ብዙ ጊዜ የሚገድለው በእነዚሁ የመጀመሪያ ቀኖች ውስጥ ነው። ርስት ትቶ የሚሞት ሰው ወራሾቹ ስለሚከራከሩ መዝገብ ይከፈትለታል፤ ሕፃን ግን የሚያወርሰው የለውምና መዝገቡን የሚጠይቅ የለም። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገሪቱ ሁሉ በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ሲጀመር፥ እኔ ከማንም በላይ የተደሰትሁት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሥልጣን ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ልመና፥ ወላጆች ለሆናችሁም አንድ ምክር አለኝ። ልመናዬ የሕፃን ሞት ዕለቱ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም በሚገባ ተጠይቆ እንዲጻፍ ነው። ያልተጻፈ ሞት ለበጀት አይቀርብም፤ ሐኪምም ለማሠልጠን ምክንያት አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ በየካ ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለሕሙማኑ ተለይቶ ሳለ፥ በጣት ላይ ተያይዛ የደምን ኦክሲጅን የምትለካውን ትንሽ መሣሪያ ብዙ ሰው ዐወቃት። ይህችው መሣሪያ አዲስ በተወለደ ሕፃን እጅና እግር ላይ ብትደረግ፥ ሁሉን ባትገልጥም፥ ከከባዶቹ የልብ ጕድለቶች ብዙዎቹን ሕፃኑ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ታሳያለች።

ለወላጆች የምመክረው ይህ ነው፤ ሕፃኑ ሲጠባ የሚደክም፥ የሚያልበው፥ ትንፋሹ የሚፈጥን፥ ክብደት የማይጨምር፥ ከንፈሩም የሚጠቍር ከሆነ ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪሙንም «እባክዎ ልቡን ያዳምጡልኝ» ብላችሁ ለምኑ። ይህን ቃል በ2000 ዓ.ም. ባውቀው ኖሮ እያልሁ የምጸጸት እኔ ነኝ።

ልጄ ከታከመ በኋላ አንድ ማታ፥ በልጅነቴ የተማርሁበትን ዳዊት አውጥቼ ባዶ በሆነው የመጨረሻ ገጹ ላይ የእኅቱን ስም፥ የተወለደችበትንና ያረፈችበትን ቀን ጻፍሁ። በምክንያቱም ፊት ለፊት «ልብ ሳይሆን አይቀርም» አልሁ። ባለቤቴም ብርሃኑን አስጠግታ አነበበችው፤ ምንም አልተናገረችም፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ዳዊቱን እንደ ተከፈተ ይዛ ቈየች።