ሰንበር



የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጸሎት በኋላ ወንበር እየደረደርን ሳለን አንድ ወንድም ጠጋ አለኝና፣ «ፓስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይታዘቡኝ» አለኝ። የስኳር ሕመም ካለበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድ አገልጋይ «በመስቀሉ ተፈውሰሃል፤ ኪኒን መዋጥህ አለማመን ነው» ስላለው መድኃኒቱን ካቆመ ሁለት ወር አልፏል። አሁን እግሩን ያቃጥለዋል፤ ዓይኑም መደብዘዝ ጀምሯል። «በየቀኑ ተፈውሻለሁ እያልኩ አውጃለሁ። ታዲያ የጎደለው የእኔ እምነት ነው ወይስ የጌታ ቁስል?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ብቻ ቃል አስገባሁት። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ያ ወንድም የያዘው ቃል ከኢሳይያስ 53 ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ያነሣዋል። እኛ ቁጥር 24ን ነጥለን ማንበብ ለምደናል። ከቁጥር 18 ብንጀምር ግን ጴጥሮስ ለማን እየጻፈ እንደሆነ እናያለን፤ ለቤት ሎሌዎች፣ ማለትም ለባሪያዎች ነው። በሮም ዓለም ጌታው ባሪያውን ቢገርፈው ከልካይ አልነበረውም። እንግዲህ ደብዳቤው በጉባኤ ሲነበብ ጀርባቸው የተተለተለ ሰዎች ተቀምጠው ይሰማሉ። «ሞሎፕስ» የሚለውን የግሪክ ቃል ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልጋቸውም።

ቃሉን እኔ የተማርኩት በ1988 ዓ.ም. የሥነ መለኮት ተማሪ ሳለሁ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ «አለንጋ ቆዳ ላይ የሚተወው፣ አብጦ የሚታይ መስመር» እያለ ሲያብራራ፣ ከኋላ የተቀመጠ የገጠር ልጅ «ሰንበር ነዋ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጀርባዬ ላይ የሰንበር ጠባሳ ነበረ።

በ1979 ዓ.ም. ዕድሜዬ 17 ነበር። ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር በየቤቱ ተደብቀን እንጸልይ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ በሩን ዘግቶ በበሬ ጅራፍ ገረፈኝ። እናቴ ከውጭ በሩን እየደበደበች ትጮኽ ነበር። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ደረቀ። ሌላው ነገር ግን አልደረቀም። አዲስ አበባ ገብቼ፣ ማገልገል ጀምሬ፣ ለስንት በዓል አገር ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። ሰበብ አላጣም ነበር፤ አንዴ ኮንፈረንስ፣ አንዴ የመሳፈሪያ ገንዘብ። ስለ ቂም ስሰብክ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ምሳሌ ነበር የምፈልገው።

ያን ዕለት ማታ ምዕራፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ጴጥሮስ ቁጥር 20 ላይ ስለሚመቱት ባሪያዎች ሲናገር የተጠቀመበት የግሪክ ግስ፣ በማርቆስ 14፥65 ጌታ በሊቀ ካህናቱ ቤት ሲመታ የተጻፈው ያው ግስ ነው። ያን ሌሊት ጴጥሮስ የት ነበር? እዚያው ግቢ፣ ከታች እሳት ይሞቅ ነበር። ላይ ጌታውን ይመቱታል፤ እሱ ታች ሆኖ «አላውቀውም» ይላል። እንግዲህ ስለ ጌታ ሰንበር የሚጽፈው ይህ ሰው ነው። ኢሳይያስ ስለ «እኛ» መፈወስ የተናገረውን ወስዶ «እናንተ» ብሎ ለባሪያዎቹ ይሰጣቸዋል። ቀጥሎም እንደ ባዘኑ በጎች እንደነበሩ፣ አሁን ግን ወደ እረኛቸው እንደተመለሱ ይነግራቸዋል። ፈውስ ሲል እዚህ ላይ ከኃጢአት ተላቆ ወደ እረኛው መመለስን ማለቱ ነው። ጌታ ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፤ ነገሩን በጽድቅ ለሚፈርደው አሳልፎ ሰጠ። እኔ ደግሞ የአባቴን ፋይል ለማንም ሳልሰጥ ዘጠኝ ዓመት በብብቴ ይዤ ዞሬያለሁ።

(በዚህ ክፍል የምትደበደብን ሚስት «ቻይው» የሚሉ አሉ። እኔም በአገልግሎቴ መጀመሪያ አንዲት እህትን እንዲህ ብያታለሁ፤ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ባሪያው መሄጃ አልነበረውም። ለእሷ መሄጃ መሆን የነበረብን እኛ ነበርን።)

ሥጋችንስ? ማቴዎስ ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ የጴጥሮስን አማት ከትኩሳት፣ ሌሎችንም ከደዌያቸው ሲፈውስ ወንጌላዊው ይህንኑ ኢሳይያስ 53ን ይጠቅሳል። ስለዚህ ለታመሙት እንጸልያለን፤ ሲፈወሱም በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት ሄዷል። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። አንዳቸውንም «እምነትህ ጎደለ» ሲል አናነብም። ሮሜ 8 እንደሚያስተምረን የሰውነታችንን ቤዛነት ገና እየተጠባበቅን ነው። የዋጋው ክፍያ ተጠናቋል፤ ትንሣኤያችን ግን ገና ነው። በዚህ መካከል ኪኒን መዋጥ ጌታን መካድ አይደለም።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ሄድኩ። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ከጊዜ በኋላ እናቴ ነገረችኝ፤ ከግርፋቱ በፊት የቀበሌ ሰዎች ጠርተው «ልጅህን ካላስተውከው እንወስደዋለን» ብለውት ነበር። ፈርቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ጅራፉን ትክክል አያደርገውም። ግን ፈርቶ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው እኔ ቤት አመጣሁት። አንድ ቀን ገላውን ሳጥበው ሸሚዜ ስለረጠበ አወለቅኩት። ጀርባዬን አየ። በደህናው እጁ ዳሰሰውና፣ አንደበቱ እየተያዘ፣ «አሁንም አለ እንዴ ልጄ?» አለኝ።

«ምልክቱ ነው አባዬ። አያመኝም።»

እውነቴን ነበር። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጁን ከጀርባዬ ላይ አላነሣም።

ያ ወንድም ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደ። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሆስፒታል ላኩት፤ ሦስት ቀን ተኝቶ ወጣ። ትናንት ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩት። አፍሮ ነበር። የአባቴን ነገር ሳይቀር ይህን ሁሉ አጫወትኩት። ከዚያ እጄን ጭኜበት ጌታ እንዲፈውሰው ጸለይን፤ «አሜን» ስንል ሚስቱ የማታውን ኪኒን ከውሃ ጋር ይዛ ቆማ ነበር።