ኮምፒውተርም ያተኩሰዋል

በ1974 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ፣ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በገጠርም በአዲስ አበባም ጤና ጣቢያዎች ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ይዤ ነው ያረጀሁት። ስለ ኮምፒውተር ጌም እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ብዕር ያስነሣኝ ጌሙ አይደለም። ቤታችን ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ምክንያት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ባልሠራው ጥፋት ተጠረጠረ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲታወቅ ደግሞ በጣም የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ።

የምኖረው ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጄ፣ ከምራቴና ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ትልቁ የልጅ ልጄ ባለፈው ዓመት በትምህርቱ ጥሩ ውጤት አመጣ። ቨርጂኒያ የምትኖረው አክስቱ ደስ ብሏት ግራፊክስ ካርድ የሚባለውን ውድ ዕቃ ለመንገደኛ ሰጥታ ላከችለት። ለሌላው ዕቃ አባቱ ገንዘብ ሰጠው። ልጁም ከሰፈር ጓደኛው ጋር ገበያ ዞሮ ገዝቶ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ገጣጠሙት። አባቱ “ዓይኔ እያየህ ትጫወታለህ” ስላለ ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ በቡፌው ጎን ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ ሠርግ ቤት ይመስል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጁ ማቀርቀር ጀመረ። “ፍሬሙ ይወርዳል፣ ላግ ያደርጋል” ይላል። ፍሬም ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን ገብቶኛልና ለእኩዮቼ ላስረዳ። በስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ እውነተኛ እንቅስቃሴ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ፎቶ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፎቶ ያሳያል። ጌም ግን ልጁ ለሚጫነው ቁልፍ ቶሎ ምላሽ መስጠት ስላለበት፣ በሰከንድ 60ና ከዚያ በላይ ሲሆን እጅና ዓይን ይበልጥ ይገናኛሉ። የጓደኛው ኮምፒውተር ተመሳሳይ ፕሮሰሰርና ተመሳሳይ ካርድ ይዞ በአንድ የመኪና ውድድር ጌም በሰከንድ 110 ያህል ፎቶ ያወጣል። የኛው ግን ወደ 45 ይወርዳል።

አባቱ ይህን ሲሰማ ለመፍረድ አንድ ምሽት አልፈጀበትም። “ዕቃው አንድ ዓይነት ከሆነ ለምን ይለያያል? ወይ ገበያ ላይ አታለውሃል፣ ወይ አክስትህ የላከችውን ካርድ ሸጠህ ርካሽ አስገብተሃል” አለው እራት ላይ። ልጁ ጉርሻውን ሳይውጥ ተነሥቶ ሄደ። አባቱ በማግስቱ ለሥራ ባልደረባው ደውሎ ኮምፒውተሩን ሊሸጥለት ተስማማ። ገዢው ቅዳሜ መጥቶ ሊወስድ ተቀጠረ።

እኔስ? ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም ብቻ አላልኩም፤ በሆዴ “ምናልባት አድርጎት ይሆናል፤ የዘንድሮ ልጅ ምን ይታወቃል” ብያለሁ።

ሐሙስ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። እየተጫወተ አልነበረም። ዝም ብሎ ያየዋል። ሕመምተኛ አጠገብ የተቀመጠ አስታማሚ መሰለኝ። ያን ጊዜ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ቆላ አገር፣ በወባ ወቅት ትኩሳት ይዞት የመጣ ሁሉ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሄድ ነበር። የጣት ደም ጠብታ ወስዶ ወዲያው የሚለየው ምርመራ ገና አልደረሰንም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ እጃችንም ለምዷል። አንድ ቀን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ግንባሩን ዳሰስኩ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች፤ ልጁ ያቃስታል። ሰዓቴን ይዤ ትንፋሹን ቆጠርኩ። በዚያ ዕድሜ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሱ ከ60 በላይ ነበር። የሳምባ ምች ነው። ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃ ብቻ ብቆጥር ኖሮ ግን ያ ሁሉ ባልደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅና ሳልለካ መድኃኒት አልሰጠሁም። ቤቴ ውስጥ ግን ሳይጠየቅ የተፈረደበት ልጅ ፊቴ ተቀምጧል።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። “ሕመሙ ከመቼ ጀመረ?” አልኩት።

“ምኑ እማማ?”

“የኮምፒውተሩ። ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ነው ወይስ በኋላ የመጣ?”

ትንሽ አሰበ። “መጀመሪያ ደህና ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ጓደኛዬ 110 ያወጣ ነበር።”

“አሁንስ፣ ስትከፍተው ጀምሮ ነው ወይስ እየቆየ?”

“መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ደህና ነው፤ ከዚያ ይወርዳል። አጥፍቼው አድሮ ጠዋት ስከፍተው ደግሞ ደህና ይሆናል።”

ስለ ኮምፒውተር አንዳች የማላውቅ ሴት እንኳ ይህ መልስ ምን እንደሚል ገባኝ። ካርዱ ተሸጦ በርካሽ ተቀይሮ ቢሆን አሥሩንም ደቂቃ 110 አያወጣም ነበር። ልጁ አልዋሸም። ይህን ለማወቅ ሁለት ጥያቄ በቃ፤ አንዳችን ግን አልጠየቅነውም ነበር።

“በል የሚለካውን ሁሉ ለካልኝ” አልኩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና የሚያሳይ ሠንጠረዥ መጣ። እሱ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ስለማያሳይ፣ ያን የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረደ። እኔ የድሮ የሥራ ልምዴን ይዤ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርኩ፤ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ፍሬም። በየሁለት ደቂቃው እንጽፋለን።

ቀላል ቀላሉን አስቀድመን አየን። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ በስሕተት ማዘርቦርዱ ላይ? ብዙ ሰው እዚያ ላይ እንደሚሳሳት ነገረኝ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ያ ውድ ካርድ ለጌሙ አይደርስለትም። የኛው በትክክል ተሰክቷል። ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ 60 ተብሎ ቀርቶ ይሆን? አይደለም፣ ተስተካክሏል። ፍሬሙን የሚገድብ ነገር ጌሙ ውስጥ በርቶ ይሆን? አልበራም። ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራምም የለም።

ከዚያ ወደ ቻርታችን ተመለስን። የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ግማሽ ብቻ ነው። የልጅ ልጄ እንዳስረዳኝ፣ ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ፍሬሙ ካነሰ የካርዱ አቅም እዚያ ድረስ ነው ማለት ነው። ግማሹን ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ግን ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። የሚጠብቀው ማንን ነው? ፕሮሰሰሩን። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሲጀምር 60 ነበር፤ በስድስተኛው ደቂቃ 85፣ በአሥረኛው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። የሱ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 3600 ነው፤ የተፈቀደለት ከፍተኛ ሙቀት 95 ነው። እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ሥራውን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ከ4 ጊጋኸርትዝ በላይ የነበረው ከ3 በታች ወረደ። ፍሬሙም አብሮ ወረደ።

“የኔ ልጅ፣ ይሄ ትኩሳት ነው” አልኩት። “ትኩሳት ደግሞ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ምን አተኮሰው?”

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እንደ ሕመምተኛ ልዳስሰው እጄን ኬዙ አናት ላይ አሳረፍኩ። እጄ ያረፈው ብረት ላይ አልነበረም። ዳንቴል ላይ ነበር፤ ከምጣድ የወጣ ያህል የሚሞቅ።

ዳንቴሉ የኔ ነው። በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ከመንገዱ ሥራ የሚመጣው አቧራ በልጁ ዕቃ ላይ እንዳያርፍ ብዬ፣ ቴሌቪዥኑንና ቡፌውን እንደማለብሰው ኬዙንም አለበስኩት። ሳሎኑን ሳጸዳ ደግሞ መተላለፊያ እንዳይዘጋ ብዬ በቡፌውና በግድግዳው መካከል ገፍቼ አስጠጋሁት። መቼ? ከተገጠመ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ። ሞቃቱ አየር የሚወጣው ለካስ በአናቱና በጀርባው ነው። ሁለቱንም ያፈንኩት እኔ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

ልጁ ዳንቴሉን አየ፣ እኔን አየ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ሳቁን ግን መያዝ አቃተው፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ከበደኝ።

በዚያ ሌሊት ኮምፒውተሩን አጥፍተን፣ ገመዱን ነቅለን፣ ጎኑን ከፈትነው። ፋኖቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ይዘን አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አጸዳን። ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ስሪንጅ በምንቀቅልበት ዘመን ውኃችን 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ እናውቅ ነበር። ስስ አየር ሙቀትን የማንሣት ጉልበቱም ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀመጥ ኮምፒውተር በቂ መተንፈሻ ይፈልጋል። እኔ ያችኑ ስስ አየር ነበር የከለከልኩት።

እንደገና ለካን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ 76 ላይ ቆመ፤ ፍሬሙ ከ100 በታች አልወረደም። ከጓደኛው የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ልጁ ራሱ አገኛት። ጓደኛው ሁለት ራም ሲኖረው እሱ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት በኩል ይቀዳል። አንድ ሕመምተኛ ሁለት ሕመም ሊኖረው ይችላል፤ ይሄኛው ግን የሚያስቸኩል አይደለም።

የቀረው ከሁሉም የከበደው ነበር። ነርሲንግ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ አንድ ዜመልቫይስ ስለሚባል ሐኪም ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና፣ ወላዶችን የሚገድለውን ትኩሳት የሚያመጣው የሐኪሞቹ ያልታጠበ እጅ መሆኑን ደረሰበት። እጅ በክሎሪን እንዲታጠብ ባደረገ ጊዜ ሞቱ በጣም ቀነሰ። ብዙ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። ለመርዳት የዘረጋሁት እጅ ነው የጎዳው ብሎ ማመን ለማንም ይከብዳል። ለአያትም ይከብዳል።

ዓርብ ማታ ቡና አፈላሁ። አባቱ ሁለተኛውን ስኒ ሲያነሣ ቻርቱን ፊቱ ዘረጋሁለት። “ልጅህ ካርድ አልሸጠም፤ የተታለለውም ነገር የለም። ያፈንኩት እኔ ነኝ” አልኩት፤ ዳንቴሉንም አሳየሁት። “ስትከሰውም ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።”

ልጄ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለባልደረባው ደወለና “ነገ እንዳትመጣ፣ አይሸጥም” አለው። ስልኩን አስቀመጠ። ወደ ልጁ ዞሮ “ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። በድዬሃለሁ” አለ። እኔ ልጄን ሳሳድግ አባቱ እንዲህ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ልጁ “ምንም አይደል አባዬ” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ ያላየን መሰልን።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ ቤታችሁ ያለ ልጅ ኮምፒውተሩ እንደዘገየበት ሲነግራችሁ አዲስ ዕቃ ለመግዛትም፣ ልጁን ለመቆጣትም አትቸኩሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁት። ሲጀምር ደህና ሆኖ ቆይቶ የሚዘገይ ከሆነ ሙቀቱን አስለኩት። አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ እንደገና ለኩ፤ አምስቱን በአንዴ ከለወጣችሁ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ የለበሰውን ዳንቴል እዩ፤ የማን እጅ እንደሠራው አስታውሱ።

የኔው ወደ ቡፌው ተመልሷል። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ብሩሹን ያመጣና “እማማ፣ ተራ ደረሰ” ይለኛል። እሱ ፋኑን በጣቱ ይይዛል፣ እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ።