አእምሮ ሲደክም ፍቅር እንዳይደክም

አንድ አረጋዊ ያንኑ ነገር ሲደጋግም፥ የልጁንም ስም ሲስት፥ ጎረቤት «ጃጀ» ይለዋል። ቃሏ አጭር ናት፤ ነገር ግን የሰውን ማዕርግ ትገፍፋለች። እንዲህ የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ ምክር አይጠየቅም፤ በፊቱም እንደሌለ ሆኖ ይወራበታል። ይህን የምጽፈው ቃሏ ወደ ገዛ ቤታችን ስለ ገባች ነው፤ እናቴ በዚህ ሕመም ከተያዘች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም ነው እንጂ ያረጀ ሁሉ የሚቀበለው ዕጣ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. በአንዲት ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ ያየውን ለውጥ ገለጠ፤ በስሙ የተጠራውም ሕመም ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመርሳት በሽታ የተያዙ ነበሩ። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፥ የታይሮይድ ዕጢ ሕመምና ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ይህን በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህም ይታከማሉና አስቀድሞ ሐኪም ማየት ይገባል።

እናቴ በየማታው፥ ከብዙ ዓመት በፊት ያረፉትን አባቴን «እስካሁን ለምን አልገቡም?» ብላ ትጠይቃለች። «ሞተዋል» ሲሏት መርዶውን እንደ ዛሬ ሰምታ ታለቅሳለች፤ በማግሥቱም እንደ ገና ትጠይቃለች። አብራት የምትኖረው እኅቴ ግን «እማዬ፥ አባባ ናፈቁሽ? እስቲ ስለ እርሳቸው አጫውቺኝ» ትላታለች። ሐሰት አልተናገረችም፤ መርዶም አልደገመችም። እናቴም የሠርጓን ቀን እየተረከች ትረጋጋለች።

በዐቢይ ጾም ምግብም መድኃኒትም አልቀበልም አለች፤ ቀኑን ብትረሳም ጾሙን አልረሳችምና። እኅቴ ሳትከራከራት የንስሐ አባታችንን ጠራች። እርሳቸውም አጠገቧ ተቀምጠው፥ ሕመምተኛ ለመጾም እንደማይገደድ ነግረው፥ መስቀል አሳልመው በእጃቸው አጎረሷት። ድቁናን በቤተ ክርስቲያን የተማርሁ፥ ሳይንስንም በዘመናዊ ትምህርት ቤት የማስተምር እኔ፥ ካህኑ የሐኪሙን ትእዛዝ ሲያጸና በማየቴ ደስ አለኝ።

የለመዱት የእጅ ሥራ ከቅርብ ቀን ትዝታ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቈያል። የልጅ ልጇን ስም የማታውቀው እናቴ እንዝርት ስትይዝ ፈትሏ እንደ ጥንቱ ቀጭን ነው። ስለዚህ እኅቴ ጥጡን ታቀርብላታለች፤ የከሰሉን ምድጃ ግን ታርቅባታለች፤ ነጠላዋንም ዘወትር በአንድ ቦታ ትሰቅልላታለች።

ይሁን እንጂ አስታማሚም ሥጋ ለባሽ ናት። እናቴ ሌሊት ተነሥታ በር ስለምትከፍት እኅቴ እንቅልፍ አጥታ ከሳች። ስለዚህ ወንዶቹ ልጆች ተመካክረን፥ በየሳምንቱ የቅዳሜንና የእሑድን ሌሊት በተራ እናድራለን፤ እርስዋም አርፋ እሑድ ታስቀድሳለች። ማስታመም የሴት ልጅ ዕዳ ብቻ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክም በ3ኛው ምዕራፍ፥ አባት አእምሮው ቢጎድል እንኳ እንዲታገሠው የሚያዝዘው ወንድ ልጅን ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አረጋዊ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፤ «ጃጀ» ማለትን ትተን «ታመመ» እንበል። ለታመመ ሰው ምን እንደሚገባው ሁላችንም እናውቃለንና።