ጅማ 5

መቼም በዚህ አገር ደራሲ ልሁን ብሎ የተነሣ ወጣት አንድ ዕዳ አለበት፤ አዲስ አበባ መግባት። አሳታሚው እዚያ፣ ማተሚያ ቤቱ እዚያ፣ አዘጋጁ እዚያ፣ ሐሜቱ ሳይቀር እዚያ ነው። ታሪክም ለዚህ ይመሰክራል። በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር ተነሥቶ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባ፤ ኋላም የ«መነን» መጽሔትና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ከዐድዋ በኩል መጥቶ የውቤ በረሃን ሌሊት ጻፈ። ከኔም ጓደኞች በየዓመቱ አንዱ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። የሄዱት ሁሉ ስልክ ሲደውሉልኝ ከሰላምታው ቀጥለው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንተስ መቼ ነው የምትገባው?»

27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጅማ ነው። «እኔም እኮ ያለሁት ዋና ከተማ ነው» ስላቸው ይስቁብኛል። ግን አልዋሸሁም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማን መንግሥት የገዙት ከዚህ ከጂሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ነው። ለምኒልክ እየገበሩ የቤታቸውን ነገር ራሳቸው ያዙ። ቤተ መንግሥታቸው ከነእንጨት በረንዳው ዛሬም ቆሞ ይታያል። የሂርማታን ገበያ የሩቅ አገር ነጋዴ ሁሉ ያውቀው ነበር። ጣልያን መጣ፤ ከተማዋን በአዲስ ፕላን ዘረጋትና ሄደ። ቀጥሎ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆነች። ዛሬ የዞን ከተማ ናት። ይባስ ብሎ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ትናንት በጅማ ሥር የነበረችው ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆና ቁጭ አለች። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ «ሹመት ሄዶ ይመጣል፤ ቡናው እስካለ ምን ቸገረን» አሉ።

እንግዲህ የሽሮሽ ዋና ከተማ ደራሲ ኑሮ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

የተከራየሁት መንደራ ሰፈር አንዲት ክፍል ነው። ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናብ ያውቅባታል፤ ሲጀምር የራሴን ሐሳብ እንኳ መስማት አልችልም። ስለዚህ የምጽፈው ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የመስጊዱ አዛን ካሰማ በኋላ። መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በሻማ። ጎሕ ሲቀድ የከሰል ጢስ በበሩ ሥር ይገባል። ቀጥሎ የቡና ቁላት ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ የአከራዬ ድምፅ፤ «ልጄ፣ ና እንጂ! ቡናው ፈላ።» አቦሉን ጠጥቼ ልነሣ ብል «በረካውን ትተህ የት ትሄዳለህ?» ይሉኛል። እኒህ ሴትዮ የሰፈሩን ዜና በሙሉ ከአቦል እስከ በረካ አጠናቅቀው ይነግሩኛል። ያለ ክፍያ እንዲህ የሚያገለግል ጋዜጣ እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ወደ ሥራ። ከፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የሚከፈለኝ በገጽ ነው። በዚህ አገር በጽሑፍ ብቻ የሚተዳደሩ ጥቂት ደራሲዎች ቢቆጠሩ እንግዲህ አንዱ እኔ ነኝ ማለት ነው። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይነግረኛል፤ የፍርድ ቤቱም ቋንቋ እሱው ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ሰው በአማርኛ ልጽፈው እሞክራለሁ። አንዳንዱ ሰው በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው። አንዳንዱ ግን በአማርኛ ሲጻፍ ከወገቡ ጎንበስ ይልብኛል፤ ያን ጊዜ ቀና እስኪል ድረስ እሰርዛለሁ፣ እደልዛለሁ።

ጀብዱ ቢሉኝ ጀብዱዬ የቡና ወቅት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይህ አገር ሌላ አገር ይሆናል። «ከቡና በኋላ» የማይባል ነገር የለም፤ ሠርጉ ከቡና በኋላ ነው፣ ዕዳው ከቡና በኋላ ነው፣ ቆርቆሮው የሚለወጠው፣ ልጁ ኮሌጅ የሚገባው ከቡና በኋላ ነው። ሥራ በማይኖርበት ቀን በሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አጋሮ እሄዳለሁ። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጆንያና በዶሮ መካከል ተጣብቆ ለተቀመጠ ሰው ግን ይረዝማል። አንዳንዴ እስከ ጌራ፣ አንዳንዴ በሌላው አቅጣጫ እስከ ሊሙ ገነት እዘልቃለሁ። እሸቱ በየአልጋው ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመው የተበላሸውን ይለቅማሉ። በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እኔ ዘንድ ነው ትላለች። ከፋ ደግሞ የለም፣ እኔ ዘንድ ነው ይላል። ይህን ክርክር የሚያይ ችሎት ቢቋቋም የሁለቱንም ወገን ማመልከቻ በገጽ ሒሳብ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ይሁንና ዓለም የሚያውቀን በዚህ አይደለም። በዓለም የቡና ንግድ ውስጥ የታወቀው ስማችን «ጅማ 5» ነው። አምስቱ ደረጃ ነው። ያልታጠበ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ጉድለቱ ተቆጥሮ ዝቅ ያለ ደረጃ የተሰጠው ቡና በዚህ ስም ሲሸጥ ኖሯል፤ ከጅማ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ የመጣውም ጭምር። አንድ የቡና ቀማሽ እንዳስረዳኝ ነገሩ የዛፉ ጥፋት አይደለም። የበሰለውና ያልበሰለው ባንድነት ከተለቀመ፣ መሬት ላይ ከደረቀ፣ ከሌላው ጋር ከተደበላለቀ 5 ይወጣለታል። ከዚያው ዛፍ ቀዩን ብቻ መርጦ የለቀመ፣ በዕለቱ አጥቦ በአልጋ ላይ ያደረቀ ሰው ግን ሌላ ስምና ሌላ ዋጋ ያገኛል። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ይህን በሥራ አሳይተዋል። ለውጡ የመጣው ዛፉ አዲስ አበባ ሄዶ አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አባ ልበላቸው። ከአጋሮ ወዲያ ያለ ገበሬ ናቸው፤ 60 ዓመት አልፏቸዋል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጽሕፈት ቤታችን መጡና ወንበር ስሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰኔ 2016 ቤታቸው እህል አልቆ ነበር። ሰኔ ለቡና ገበሬ ክፉ ወር ነው፤ ያለፈው ቡና ተበልቷል፣ የሚመጣው ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ነው። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ገና ያልደረሰውን ቡና ለነጋዴ ይሸጣል፤ ገንዘቡን አሁን ይቀበላል፣ ጀንፈሉን ሲደርቅ ያስረክባል። አባም ይህንኑ አደረጉ። ወረቀት ተጻፈ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ፤ ሁለት ምስክር ቆመ።

ወር ከምናምን ሳይሞላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ብራዚል ደግሞ ድርቅ መታት። የካቲት 2017 ላይ በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ እንዲያ ወጥቶ አያውቅም። አባ ብራዚልን አያውቋትም፤ ብራዚል ግን ጓሯቸው ገብታለች። የሸጡት ቡና ጆንያ ውስጥ እያለ ዋጋው ከተዋዋሉበት ወደ እጥፍ ተጠጋ።

«ታዲያ ምን ልጻፍልዎ?» አልኳቸው።

የሚያዋጣውን አውቅ ነበር። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙ ማመልከቻ አንብቤያለሁ፤ «ማንበብ ስለማልችል ተታልዬ ፈረምኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ችሎት ፊት አንዳንዴ ሰሚ ያገኛል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አላታለለኝም፤ ወላሂ» አሉ። «ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል። ያታለለኝ ራብ ነው። ይህን ጻፍልኝ።»

«አባ፣ ራብን መክሰስ አይቻልም።»

«ለምን?»

መልስ አልነበረኝም። የተከሳሽ ስም፣ የተከሳሽ አድራሻ የሚል ባዶ ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ራብ አድራሻው የታወቀ ነው፤ በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም እሳቸው ቤት ነው የሚኖረው። መጥሪያ የሚያደርስለት ግን የለም።

ያን ቀን ማመልከቻ አልጻፍንም። ለመንደራቸው ሽማግሌዎች የሚነበብ አንድ ገጽ ጻፍን፤ የነገሩኝን እንዳለ፣ አንድም ሐሰት ሳንጨምር። «ቃሌን አላጠፍኩም። ቡናው በጆንያ ነው፤ ይውሰድ። ነገር ግን ሁለታችንም ያላየነው ነገር መጥቷልና ዓይኑን ይግለጥ» የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጁምዓ ተቀመጡ። ነጋዴውም የራሱ ጣጣ ነበረበት፤ ለገበሬው የከፈለውን ገንዘብ እሱም ከላይ ካለው ነጋዴ ተበድሮ ነው። ብቻ በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረ። ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አባ የገጹን ሒሳብ ሊከፍሉ ሲመጡ አንድ ኪሎ የሚሆን ቡና በፌስታል ይዘው ነበር፤ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅመው ያደረቁትን።

ይህን ታሪክ ልብ ወለድ አድርጌ ጻፍኩትና በግንቦት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፈን፣ የግቤን ሸለቆ ወርደን ወጣን። አዲስ አበባ ጓደኞቼ ተቀበሉኝ፤ ካዛንቺስ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተው ይኖራሉ። አንዱ ለማስታወቂያ ድርጅት የሳሙና ግጥም ይጽፋል። አንዱ ቀን ቀን ሞባይል ይሸጣል፤ ሌሊት ሌሊት ደክሞት ይተኛል። ኑሯቸውን አልናቅሁም፤ ያበሉኝም እነሱ ናቸው። በማግሥቱ ጽሑፌን ለአንድ አዘጋጅ አሳየሁት። ሰውየው ደግ ነው፤ እስከ መጨረሻው አነበበው። «ጥሩ ብዕር አለህ» አለኝ። «ግን ይህ ገበሬ፣ ጆንያ፣ ጀንፈል የሚባለው… አንባቢያችን ከተሜ ነው። ስለ ቡና ምን አገባው?» ይህን ሲለኝ ሁለተኛውን ማኪያቶ እየጠጣ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው ጽሑፍ ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ባይታየኝም ደረጃዬን አወቅሁ።

አልተከፋሁም ብል አታምኑኝም። ደረጃ የሚሰጥ ሰው ይኑር፤ ያለ እሱ ገበያ የለም። ግን ዋጋ የሚቆረጠው ከዛፉ ርቆ ነው፤ እንክብካቤው ያለው ዛፉ ሥር ነው። በዓሉ ግርማም ቢሆን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ስንት ነገር ጽፎ፣ «ሀዲስ»ን ሲጽፍ መቼቱን ኢሉባቦር አድርጎታል።

ጅማ ተመልሼ አጋሮ ሄድኩና ታሪኩን ለአባ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ «ባለቤቴ የለችም» አሉ። «ያን ጊዜ ‹አትሽጥ፤ የኔን ላም እንሽጥ› ብላኝ ነበር። ላሟን ስለምትወዳት ነው እንቢ ያልኩት። እሷን አስገባት፣ ልጄ።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ይሰሙን ነበር። «ላሚቱንም!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሁለቱም ገቡ። ታሪኩ በሦስት ገጽ ረዘመ፤ የሚከፍለኝ ስለሌለ ግን የገጽ ሒሳብ አላስጨነቀኝም። አሁን ለአራተኛ ጊዜ እያጸዳሁት ነው፤ ያልበሰለውን እየለቀምኩ።

ነገ ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ ቀን። ሐሙስ ሐሙስ ከገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ ስለሚበዛ ወረቀት ማዘጋጀት አለብኝ። ሰኔም እየተቃረበ ነው፤ ያልደረሰ ቡና የሚሸጥ ሰው ውል ላጽፍ ብሎ ይመጣል። ሲመጣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነብለታለሁ፤ አንዴ ለነጋዴው፣ አንዴ ለእሱ፣ አንዴም አብራው ከመጣች ለባለቤቱ።