አንድ በር፣ ሁለት ስም፣ ስንት መዝገብ?

ሐረር ውስጥ አንዲት እናት ባጃጅ ይሳፈሩና «ልጄ፣ አስመዲን በሪ አውርደኝ» ይላሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ደግሞ «እኔን ሸዋ በር» ይላል። ሹፌሩ ሁለቱንም አንድ ቦታ ያወርዳቸዋል፤ ማንንም አያርምም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የታጠረው የጁገል ግንብ አምስት ታሪካዊ በሮች አሉት። ባድሮ በሪ ቡዳ በር ነው፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አሱም በሪ ፈላና በር። ከተማዋ ራሷ ለሐረሪዎች «ጌይ» ናት።

ሹፌሩ የሚያውቀውን ኮምፒውተር አያውቅም። አንዱ ጸሐፊ «ሸዋ በር»፣ ሌላው «አስመዲን በሪ» ብሎ ቢመዘግብ ማሽኑ ሁለት ቦታ ያደርጋቸዋል። አንደኛው ሲታረም ሌላው እንደቆመ ይቀራል። ባለጉዳይም «ፋይልህ የለም» ተብሎ ይመለሳል። የተለመደው መፍትሔ አንዱን ስም ማጽደቅና ሌላውን መሰረዝ ነው። በሐረር ግን ስም መሰረዝ ማለት «ያንተ አጠራር አይቆጠርም» ማለት ነው፤ ጠብ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

የኮምፒውተር መረብ ማውጫዎች ይህን ችግር ቀድመው አይተውታል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስ 500 የተባለው ደረጃ፣ ከእሱም የተወለደው ኤልዳፕ፣ «አሊያስ» የሚባል መዝገብ አላቸው። አሊያስ የራሱ ዝርዝር የለውም፤ ዋናው መዝገብ ያለበትን ብቻ ይጠቁማል። በየትኛውም ስም ቢፈለግ የሚደረሰው አንድ ቦታ ነው፤ እርማቱም አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል።

ጉድለትም አለው። ዋናው መዝገብ ተዛውሮ ጠቋሚው ካልተስተካከለ፣ አሊያሱ ባዶ ቦታ ያሳያል። ስለዚህ ጠባቂ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ከባዱ ጥያቄ ግን የማን ስም «ዋና»፣ የማንስ «ጠቋሚ» ይሁን የሚለው ነው። የሚሻለው ዋናውን ለማንም አለመስጠት ነው። ዋናው መዝገብ ቁጥር ይሁን፤ ስሞቹ ሁሉ እኩል ጠቋሚ ይሁኑ። ለሰው ይህ ተጀምሯል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ሰውን በቁጥር ይለያል። ለቦታም የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ቁጥር ዘር የለውም፣ ቋንቋም አይመርጥም። እናትየው «አስመዲን በሪ» ይበሉ፣ እንግዳውም «ሸዋ በር» ይበል። ቢሮውም እንደ ባጃጁ ሹፌር ሁለቱንም ሳያርም ያድርስ።