ብየዳው ምንም ጥፋት የለበትም

የሰፈራችን ልጆች ሰሞኑን አዲስ ነገር ይዘውብን መጥተዋል፦ የሳይክልን የኋላ ጎማ «ፊክስ» ማድረግ! ቪዲዮ ላይ ያዩት ነው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉም የግዱን ይዞራል፤ ፍሬን ተነቅሎ ይጣላል፤ ማቆም ሲያምራችሁ ፔዳሉን ወደኋላ መግፋት ነው። ያምራል፣ አንክድም። ችግሩ ሊሞክሩት ያሰቡት ከሳንቃ በር ወደ ደባርቅ መሆኑ ነው።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850። መንገዱ ጠጠር። (ሊማሊሞን ጭራሽ ባናነሳው ይሻላል።)

አሠራራቸው ቀላል ነው። እግር ሲያርፍ «ቸክ ቸክ» እያለ ለብቻው የሚዞረውን የኋላ ጥርስ ለበያጅ ይሰጡታል፤ ይበየዳል፣ በቃ። ክርክሩ ሁሉ ታዲያ ስለ ብየዳው ነው፤ «እገሌ ከበየደው አይለቅም!» ይሁን፣ ዕድሜ ልኩን አይልቀቅ እንበል። ጥርሱ ራሱ ግን ሽቦዎቹ ከሚሰበሰቡበት ከጎማው እምብርት ጋር የተያያዘው እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ነው። ወደፊት ስትረግጡ ይጠብቃል፣ ወደኋላ ስትገፉ ይፈታል። በፋብሪካ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው እምብርት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቅ ሁለተኛ ቀለበት አለው፤ ጥርሱ ልፈታ ሲል ቀለበቱ አንቆ ይይዘዋል። የኛ ተራ ሳይክል ይህ ቀለበት የለውም። እንግዲህ ጥርሱ የሚፈታው መቼ ነው? ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደኋላ በገፋበት ቅጽበት፤ ማለትም ቁልቁለት ላይ አህያ መሐል መንገድ ስትቆምበት።

የጀማሪ እግርም ሌላ ጣጣ ነው። ቁልቁለት ላይ እግሩን ማሳረፍ የለመደ ሰው ሳያስበው ያሳርፋል። ፔዳሉ ግን አያርፍም፣ ያስፈነጥረዋል። በደባርቅ ብርድ ጋቢ ደርቦ ለሚነዳ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጫፉ ካቴና ውስጥ ከገባ ተራ ሳይክል ላይ እግርን ማቆም ይበቃል፣ ይሄኛው ግን እየዞረ ይጎትታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ የፊት ፍሬን የሌለው ፊክስ የሚነዳ የ18 ዓመት ወጣት መንገድ የምታቋርጥ የ44 ዓመት ሴት ገጭቶ ሕይወቷ አለፈ። በ2017 18 ወር ተፈረደበት። በዚያ አገር ሕግ ፊክስ የሆነው ጎማ እንደ አንድ ፍሬን ይቆጠርለታል፤ የፊቱ ግን የግድ መኖር አለበት። ለንደን ደግሞ ከኛ አንጻር ሜዳ ነች።

«ታዲያ ተዉት ነው የምትሉን?» አሉን። አላልንም። የፊቱም የኋላውም ፍሬን ይቀመጥ፤ የሚያቆመው ፍሬኑ ይሁን እንጂ እግር አይሁን፤ ልምምዱ ሜዳ ላይ፣ ጋቢው ቤት። ከሳንቃ በር መውረድ ያማረው ባልተበየደ ጎማ ይውረድ።

ሦስቱ በፍሬኑ ተስማምተዋል። አራተኛው ጥርሱን ለበያጁ ሰጥቶ «ረቡዕ ና ውሰድ» ተብሏል።