ሕመሙ ስለበዛ ክኒኑ አይበዛም

ሪህ የተነሣበት ሰው የሚያሽለውን እንጂ የሚጎዳውን አያስብም። እኔን የያዘኝ የእግሬ አውራ ጣት ላይ ነበር፤ ቀልቶና አብጦ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኸኝ ነበር። በዚያች ሌሊት ማንም ክኒን ቢዘረጋልኝ ሳልጠይቅ እውጠው ነበር። ጎረቤታችን ከወገብ ሕመሟ የተረፈ ዳይክሎፌናክ ይዛልኝ መጣች፤ ባለቤቴ ግን «እስኪነጋ ታገሥ» ብላ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ጠዋት ሐኪም አይቶ ኮልቺሲን አዘዘልኝ። መድኃኒት ቤት ስደርስ ፋርማሲስቷ ማዘዣውን ተቀብላ፣ «ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ቆሜ መጠበቅ እንኳ አቅቶኝ ስለነበር ጥያቄዋ አናደደኝ። «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ለሳሉ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ ክላሪትሮማይሲን ጀምሮልኛል» አልኳት።

«እንግዲያው ይሄን አሁን አልሰጥዎትም። ይቀመጡ፣ ሐኪምዎ ጋ ልደውል።»

ክላሪትሮማይሲን ኮልቺሲን ከሰውነት የሚወገድበትን መንገድ ይዘጋል። በትክክል የታዘዘው መጠን እንኳ እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። ኮልቺሲን ደግሞ ማርከሻ የለውም። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ በደከመ ሰው ላይ አደጋው ይብሳል። ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የሚባሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ከኮልቺሲን ጋር አይስማሙም። ሁለቱ ማዘዣዎቼ ከተለያየ ቦታ የወጡ ነበሩ፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ያገናኘቻቸው የዚያች ልጅ ጥያቄ ናት።

ኮልቺሲኑ ቀርቶ፣ ስኳሬ ከተለካ በኋላ፣ ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ። ይህም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ግፊቴን እንድከታተል ተነገረኝ። ስለ ጎረቤቴ ዳይክሎፌናክ ሐኪሙን ጠየቅሁት። እሱም ሆነ ኢንዶሜታሲን ለሪህ ይሠራሉ፤ ነገር ግን እንደ እኔ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድን ሰው ኩላሊት በድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ፤ ጨጓራንም ያደማሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ራሱ ሪህ የሚያስነሣውን ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል። ይህን ስሰማ ልተወው አሰብኩ፤ ሐኪሙ ግን የግፊት መድኃኒት በራስ ፈቃድ እንደማይቋረጥ ነግሮ ሌላ ቀየረልኝ።

ከሁሉ በላይ አስተሳሰቤን የለወጠው የመጠኑ ነገር ነው። ድሮ ኮልቺሲን ሕመሙ እስኪለቅ ወይም ተቅማጥና ማስመለስ እስኪመጣ ድረስ በየሰዓቱ ይዋጥ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ 1.8 ሚሊግራም የወሰዱትን በ6 ሰዓት ውስጥ 4.8 ሚሊግራም ከወሰዱት ጋር አነጻጸረ። የሕመሙ መቀነስ ተቀራራቢ ነበር። ተቅማጥ ግን ትንሹን መጠን ከወሰዱት ከመቶ 23ቱን፣ ብዙውን ከወሰዱት ከመቶ 77ቱን ያዘ። የተጨመረው ክኒን ሁሉ ሥቃይ እንጂ ፈውስ አልጨመረም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «አንድ ልጨምርበት» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ለውጥ የሚያመጣው ቶሎ መጀመር ነው፤ በዚያ ጥናት መድኃኒቱ የተወሰደው ሕመሙ በተነሣ በ12 ሰዓት ውስጥ ነበር።

አሎፑሪኖል የሚባለው የሪህ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ነው፤ ለነገው ይከላከላል እንጂ የተነሣውን ሕመም አያስታግስም። ቀድሞ የሚወስደው ሰው ሪህ ሲነሣበት እንዳያቋርጠው ይመከራል፤ ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት።

ከአሜሪካ ለወላጆቻችሁ መድኃኒት የምትልኩ፣ የዚያ አገር የኮልቺሲን ፍሬ 0.6 ሚሊግራም መሆኑን፣ በብዙ ሌሎች አገሮች የሚሸጠው ደግሞ 0.5 መሆኑን አስታውሱ፤ የሚወስዱትን ሁሉ የሚያውቅ ሐኪም ሳያይ አትላኩ። ሪህ ያለባችሁም የሳሉንም የግፊቱንም ክኒን ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ፋርማሲስቱ ፊት አስቀምጡት። በእብጠቱ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ መገጣጠሚያው በጀርም ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ ክኒን አትፈልጉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።